ጠበሉም መድኃኒቱም፦ በደም ካንሰር ለታመመች ልጅ እናት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ስድስት ዓመት የሆናት ልጄ ከሁለት ወር በፊት ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ የሚባል የደም ካንሰር እንዳለባት ተነገረን። የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ የምትታከመው አዲስ አበባ ነው። የመጀመሪያውን ወር ኬሞ ጨርሳ መቅኔዋ ሲመረመር በሽታው አይታይም ተባልን። ፀጉሯ ቢረግፍም አሁን ትበላለች፣ ትጫወታለች። አማቴ ልጅቷ ድናለችና መርፌውን ትታችሁ ጠበል አስጠምቋት ይላሉ። በ80 ቀኗ ክርስትና ስላልተነሣች የመጣ ነው የሚሉም አሉ። ከሌላ ቤተ እምነት የሆነች ጎረቤቴ ደግሞ ፈውሷን በእምነት ተቀበሉ፣ መድኃኒት መስጠት መጠራጠር ነው ትለኛለች። ባለቤቴ ዝም ብሏል። ከአያቶቹ ጋር የተውነው የ10 ዓመት ወንድሟ ትምህርቱን ጠልቷል። እርሷም ‹እሞታለሁ ወይ?› ብላ ጠይቃኝ ዝም አሰኘኋት። ሕክምናው ገና ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ይቀረዋል ይሉናል። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ልጅዎን ይማርልዎ። ጥያቄዎ ብዙ ጉዳዮችን የያዘ ቢሆንም ሁሉም በአንድ ውሳኔ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ስለሆኑ መልሱን አስቀድሜ እነግርዎታለሁ፦ ሕክምናው መቋረጥ የለበትም፤ ጠበሉም መከልከል የለበትም። የመጀመሪያውን የምለው የሕፃናት ካንሰር ሐኪም ሆኜ ነው። ሁለተኛውን የምለው ደግሞ በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ተጠምቄ ያደግሁ፣ እናቶች በልጆቻቸው አልጋ ራስጌ ሥዕል ሰቅለው ሲጸልዩ በየቀኑ የማይ ሰው ሆኜ ነው። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ግን በጥንቃቄ መናገር ያስፈልጋል፤ ልጅዎ አሁን ባለችበት ሁኔታ አንዳንዱ የጠበል አጠማመቅና አጠጣጥ ለሕይወቷ ሊያሰጋ ይችላልና።

ቤተሰቡን ለሁለት የከፈለው «አይታይም» የሚለው ቃል ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ በልጆች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ሁሉ የሚበዛው ሲሆን የሚጀምረው ደም በሚሠራበት በመቅኔ ውስጥ ነው። ሕመሙ በሚታወቅበት ጊዜ በሕፃኑ ሰውነት ውስጥ ያሉት የካንሰር ሴሎች ብዛት እስከ አንድ ትሪሊዮን ሊደርስ ይችላል። በመጀመሪያው ወር የሚሰጡት መድኃኒቶች፣ ማለትም በየሳምንቱ በደም ሥር የሚገባው ቪንክሪስቲን፣ በየቀኑ የሚዋጠው ስቴሮይድ፣ የአስፓራጂኔዝ መርፌና በጀርባ በኩል የሚሰጠው ሜቶትሬክሴት፣ ከእነዚህ ሴሎች እጅግ የሚበዙትን ያጠፋሉ፤ ከመቶ ልጆችም ከ90 በላይ የሚሆኑት በወሩ መጨረሻ መቅኔያቸው የጠራ ሆኖ ይገኛል። ነገር ግን ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ አይቶ «አይታይም» የሚለው የካንሰሩ ሴሎች ድርሻ ከመቶ አምስት በታች ሲወርድ ነው። ከዚያ በኋላም በማይክሮስኮፕ የማይለዩ፣ በሚሊዮኖች አንዳንዴም በቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ሴሎች ሊቀሩ ይችላሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት በቀላሉ በማይደርስበት በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ዙሪያ ይሸሸጋሉ። ያ የሚያስፈራው የጀርባ መርፌ የሚደጋገመውም በዚሁ ምክንያት ነው። አማትዎ እርሻ የሚያውቁ ሰው ከሆኑ ሰርዶን ያስታውሷቸው፦ ከላይ ታጭዶ መሬቱ የጸዳ ቢመስልም ሥሩ እስካልተለቀመ ድረስ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ተመልሶ ይበቅላል።

ስለዚህ ልጅቷ ስትጫወትና ስትበላ የምትታይበት ይህ ወቅት ቤተሰብ የሚያርፍበት ቢመስልም፣ በእኔ እይታ ከመላው የሕክምና ዘመን ውሳኔው እጅግ የሚከብድበት ጊዜ ነው። በታመመች ሰሞን ማንም መድኃኒቱን ተዉ አላላችሁም፤ ማለትም አይቻልም ነበር፣ ደሟ እየፈሰሰ ትኩሳቷ እየነደደ ነበርና። አሁን ደኅና ስትመስል ግን የመንገዱ ድካም፣ የገንዘቡ ማለቅ፣ የፀጉሯ መርገፍና የመርፌው ልቅሶ ሁሉ ተደምሮ «ድናለች» የሚለውን ቃል ለመቀበል ልብ ይፈቅዳል። በዚህ ወቅት መድኃኒቱን አቁመው ወደ ጠበል የተወሰዱ፣ ጥቂት ወራትም ደኅና ከርመው በዐደባባይ የተመሰከረላቸው፣ ከዚያ በኋላ በራስ ምታትና በማስታወክ ተመልሰው ሲመረመሩ ሕመሙ አንጎላቸው ውስጥ ገብቶ የተገኘ ልጆች ደጋግሜ አይቻለሁ። ተመልሶ የመጣ ሉኪሚያ እንደ መጀመሪያው አይደለም፤ የተረፉት ሴሎች መድኃኒቱን የተቋቋሙት ስለሆኑ ሁለተኛው ሕክምና የበለጠ ይከብዳል፣ የመዳን ዕድሉም በእጅጉ ያንሳል። የተሰጠው ምስክርነት ውሸት ነበር ማለቴ አይደለም። ቤተሰቡ ያየውን ነው የተናገረው፤ ያየው ግን ኬሞው የሠራውን የመጀመሪያ ሥራ ነበር።

በሀብታም አገሮች የልጆች ካንሰር ከመቶ ከ80 በላይ ይድናል፤ በብዙ ድሃ አገሮች ከመቶ 30 እንኳ አይሞላም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆቹ በ2018 የጀመረው ዘመቻ ይህን ቁጥር በ2030 ቢያንስ ወደ 60 ለማድረስ ያለመ ነው። የልዩነቱ መንሥኤ ብዙ ነው፤ ዘግይቶ መታወቅ፣ የመድኃኒት እጥረት፣ በሕክምና ላይ ሳሉ በሚመጣ ኢንፌክሽን መሞት ይገኙበታል። ከዋነኞቹ አንዱ ግን ሕክምናን መሐል ላይ ማቋረጥ ነው፤ ከሁሉም ውስጥ ደግሞ በቤተሰብ እጅ ላይ ያለው ይህኛው ነው።

እምነቱን በተመለከተ አማትዎን ለመከራከር የሚያስፈልግዎ ከውጭ የመጣ ዕውቀት አይደለም፤ እርሳቸው ከሚያከብሩት መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ አድርጋ የምትቀበለው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ላይ ባለመድኃኒትን አክብር፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነውና ብልህ ሰው አይንቀውም በማለት ያስተምራል። በዚያው ምዕራፍ የታመመው ሰው ቸል ሳይል ወደ እግዚአብሔር እንዲጸልይ፣ ከኃጢአትም እንዲነጻ ይመከራል፤ ወዲያው ደግሞ ለባለመድኃኒቱ ቦታ እንዲሰጠው፣ ከእርሱም እንዳያርቀው ይነገረዋል። ጸሎቱና ሐኪሙ በአንድ ምክር ውስጥ የተቀመጡት በተከታታይ ነው፤ አንዱ የሌላው ምትክ ሆኖ አልተጻፈም። ይህንን ለንስሐ አባታችሁ ያሳዩአቸውና ለአማትዎ እርሳቸው ያንብቡላቸው። ከሐኪም አፍና ከምራት አፍ ሲሰማ ክርክር የሚመስለው ነገር ከካህን አፍ ሲወጣ ትምህርት ይሆናል።

ክርክሩ በአገራችን አዲስ አይደለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት በጀመረባቸው ዓመታት እንጦጦ ማርያም ጠበል ላይ ከነበሩት ሕሙማን ብዙዎቹ መድኃኒቱን መዋጥ ከጠበሉ መራቅ መስሏቸው ይተዉት ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱና ጠበሉ እንደማይጋጩ፣ ምእመናን ሁለቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። ለቫይረሱ መድኃኒት የተነገረው ለኬሞ የማይሆንበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ ጠበሉ አፈጻጸም ልግባ፤ «ይቻላል» ብሎ ብቻ መተው ልጅቷን አይጠብቃትምና። ኬሞው የካንሰሩን ሴሎች ሲያጠቃ ከተሕዋስያን የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሴሎችም አብሮ ይቀንሳቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባለው ዋነኛው ወታደር ስለሆነ በየቀጠሮው «ኒውትሮፊሏ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁና ቁጥሩን በደብተር ይጻፉት። ከ500 በታች በሆነበት ጊዜ ለጤነኛ ሰው ምንም የማያደርግ ተሕዋስ ልጅዎን በሰዓታት ውስጥ ለሞት ሊያደርስ ስለሚችል፣ በዚያ ሰሞን ሰው የሚታመስበት የጠበል ቦታ ፈጽሞ መሄድ የለባትም፤ ከሚጠመቁት መካከል የሳንባ ነቀርሳም ሌላ ተላላፊ ሕመምም ያለበት ሰው ይኖራልና። ያልፈላ ውኃ አትጠጣ፤ ምንጩ ጠበል መሆኑ የላይኛው ተፋሰስ ከብት የሚውልበት መሆኑን አያስቀረውም። በባዶ ሆዷ ብዙ ጠበል ጠጥታ እንድታስመልስ ማድረግም አይገባም፤ የዋጠችውን መድኃኒት አብራ ታወጣዋለች፣ ሰውነቷም ፈሳሽ ያጣል። የጀርባ መርፌ በተወጋች ሰሞን፣ ወይም በክንዷ ላይ የመድኃኒት መስጫ ቱቦ እያለ፣ ቦታው ውኃ እንዳይነካው። በብርድ ጧት በቀዝቃዛ ውኃ መጠመቅም ለእርሷ አይደለም። ሱባዔ ተይዞ ከሆስፒታል ርቆ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት መቆየት ደግሞ ቀጠሮን ስለሚያሳልፍና ትኩሳት ቢመጣ ስለማያደርስ እስከ ሕክምናው ፍጻሜ መቆየት አለበት።

ይህ ሁሉ ክልከላ ሲደረደር ጠበሉን በጎን በር እየከለከልሁ እንዳይመስልብኝ፣ የሚቻለውንም በዚያው ልክ ልናገር። ካህኑን ወደ ቤት ይጋብዙ፤ አፍልተው ያቀዘቀዙትን ውኃ በንጹሕ ዕቃ ያቅርቡላቸው፤ እርሳቸው ጸሎቱን ያድርሱበት። ያንን ልጅቷ ትንሽ ብትጠጣው፣ ፊቷንና እጇን ብትታጠበው፣ ቢረጭባትም ምንም ጉዳት የለውም፤ በየጧቱ ማድረግ ትችላላችሁ። ብዙ ካህናት የልጅቷ ሕመም በግልጽ ሲነገራቸው ይህን በደስታ እንደሚያደርጉ አይቻለሁ። መስቀሉን በግንባሯ ትሳለም። ጸሎተ ቀንዲል ይደረግላት፣ ቅዱሱን ቅባት ትቀባ። እምነት የሚባለውን የቤተ ክርስቲያን አመድ በግንባሯ ብትቀባ ችግር የለም፤ ነገር ግን በውኃ ተበጥብጦ እንዳይሰጣት፣ አፏ ከቆሰለ ወይም ቆዳዋ ከተላጠ ቁስሉ ላይ እንዳይደረግ፤ አፈርና አመድ የሻጋታ ዘር ስለሚይዝ ለእርሷ አደገኛ ነው።

ቅዱስ ቁርባን ለመቀበል ሕክምናው አያግዳትም። ብዙ ጊዜ በቀጣዩ ምዕራፍ በየቀኑ የሚዋጠው መርካፕቶፑሪን ማታ ማታ ስለሚሰጥ ከጧት ቅዳሴ ጋር አይጋጭም፤ ማስታወክ በሚኖርባቸው የኬሞ ቀናት ግን ባታቆርቧት ይሻላል፣ ከቆረቡ በኋላ ማስመለስ እናትን ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁና። ጾምን በተመለከተ ከሰባት ዓመት በታች ናት፣ ታማሚም ናት፤ ሰባት ብትሞላም ንስሐ አባታችሁ ይፈቱላችኋል። እንቁላል፣ የፈላ ወተት፣ በደንብ የበሰለ ሥጋ ዐቢይ ጾም ቢሆንም ይሰጣት። ስቴሮይድ በምትወስድባቸው ሳምንታት ሌሊት ተነሥታ እንጀራ ብትጠይቅ፣ ያለ ምክንያት ብታለቅስና ብትቆጣ መድኃኒቱ ነውና አትቆጧት። ጥሬ ሥጋ፣ ያልበሰለ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተት ግን ለበዓልም ቢሆን አይቀመስም። የተሳላችሁት ስለት ካለም ጊዜ አለው፤ ለምሳሌ ቁልቢ ገብርኤል ከሆነ ታኅሣሥ 19ም ሐምሌ 19ም በየዓመቱ ይመጣል፣ ዘንድሮ አባትየው ብቻውን ሄዶ ይሳለም፣ ልጅቷ ሕክምናዋን ስትጨርስ በእግሯ ትሄዳለች። የባህል መድኃኒትና ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከዓረብ አገር የሚልከው ቪታሚን ግን ለሐኪሟ ሳይታይ አይሰጣት፤ አንዳንዱ ጉበቷን ይጎዳል፣ ፎሊክ አሲድ ያለበት ቪታሚን ደግሞ የሜቶትሬክሴትን ሥራ ሊያዳክም ይችላል።

በ80 ቀኗ ክርስትና ባለመነሣቷ ነው ያሉዎት ሰዎች በትከሻዎ ላይ የጫኑት ሸክም የእርስዎ አይደለምና እንዲያወርዱት እለምንዎታለሁ። በዕለቱ የተጠመቁ ልጆች በዚሁ ሕመም ይታመማሉ፤ የካህናት ልጆች ይታመማሉ፤ የሙስሊም ልጆች ይታመማሉ። ደም የሚሠሩት ሴሎች በየቀኑ በብዛት ሲከፋፈሉ በአንዱ ሴል ውስጥ የሚፈጠር የዘር ቅንጣት ስሕተት ነው ሕመሙን የሚጀምረው፤ በአብዛኞቹ ልጆች ከወላጅ የሚወረስ አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ በእርግዝናዎ ጊዜ በበሉት ወይም ባልበሉት ነገርም አልመጣም። ሰው ዓይነ ጥላ ነው፣ ቡዳ ነው ሊልዎትም ይችላል። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ኃጢአት የሠሩት ብለው ጌታን በጠየቁት ጊዜ እርሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ እንደመለሰላቸው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ተጽፏል። ለጥምቀቱ መዘግየት ንስሐ መግባት ከፈለጉ ይግቡ፤ እርሱ በእርስዎና በንስሐ አባትዎ መካከል ያለ ነገር ነው። የልጅዎ ሕመም ምክንያት አድርገው ግን አይግቡበት።

ለጎረቤትዎም የምለው አለኝ፤ ክፋት እንደሌለባትና ልጅዎን ወድዳ እንደምትናገር እገምታለሁና በቍጣ አይመልሱላት። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት ታምሞ በጸለየ ጊዜ እግዚአብሔር ጸሎቱን እንደሰማና እንደሚፈውሰው በነቢዩ በኢሳይያስ አፍ ተነገረው፤ ያው ነቢይ ግን የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በቍስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ፈውሱ በነቢይ አፍ የተረጋገጠለት ሰው እንኳ መድኃኒቱ አልቀረበትም፤ በለሱን መቀበሉም መጠራጠር ተብሎ አልተቆጠረበትም።

ከጥያቄዎ ሁሉ ያልለቀቀኝ ልጅዎ የጠየቀችው ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ስለ ሞት ያላት ግንዛቤ ከእኛ ይለያል፤ ብዙውን ጊዜ የምትፈራው ከእናቷ መለየትን፣ ብቻዋን መሆንንና ሕመምን ነው። ይህን ጥያቄ ያነሣችው በአጠገቧ የተኛ ልጅ አልጋው ባዶ ሆኖ አይታ፣ ወይም እርስዎ በስልክ ሲያለቅሱ ሰምታ ሊሆን ይችላል። ዝም ያሰኟት ፈርተው ነው፤ የማይፈራ ወላጅ የለም። ነገር ግን ልጅ ዝም ስትባል ጥያቄው አይጠፋም፤ ስለዚህ ነገር ከእናቴ ጋር መነጋገር አይቻልም የሚለውን ትማርና ፍርሃቷን ለብቻዋ ትይዘዋለች። ዛሬ ማታ ራስዎ መልሰው ያንሡላት። «የኔ ዓለም፣ ያን ቀን የጠየቅሽኝን አልመለስሁልሽም፤ ምን ሰምተሽ ነው?» ይበሏትና ያዳምጧት። ከዚያም በዚህ መልክ ይንገሯት፦ «ደምሽ የሚሠራበት ቦታ ታሟል፤ ስሙ ሉኪሚያ ይባላል። አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም። ከባድ ሕመም ስለሆነ ነው ጠንካራ መድኃኒት የሚሰጥሽ፤ መድኃኒቱ አሁን ጥሩ እየሠራ ነው። እንድትድኚ እኛም ሐኪሞቹም የምንችለውን ሁሉ እናደርጋለን፤ እግዚአብሔርም ይወድሻል። ብቻሽን አንተውሽም።» አትሞቺም ብለው መማል አያስፈልግዎትም፤ ከተናገሩት ውስጥ አንድም ውሸት የለም፣ ለእርሷም ይበቃታል።

መርፌው አያምም አይበሏት፤ «ትንሽ ያምማል፣ እጅሽን ይዤሽ እቆማለሁ» ይበሏት። ወደ ሆስፒታል ሲወስዷት አክስትሽ ቤት ነው የምንሄደው ብለው አያታልሏት፤ ከዚያ በኋላ ጉዞ ሁሉ ያስፈራታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ጨዋ ልጅ ከሆንሽ ቅዱስ ገብርኤል ያድንሻል» የሚለውን አባባል ከቤታችሁ አውጡት። በፍቅር የሚነገር ነው፤ ልጅ ግን ገልብጣ ትሰማዋለች። ሲያማት ክፉ ልጅ ስለሆንሁ ነው ትላለች፤ በመርፌ ጊዜ ስትጮኽ መልአኩን ያስቀየመች ይመስላታል። ስትጸልይ የፈለገችውን ትጠይቅ፣ ብትቆጣም ለእግዚአብሔር ትንገረው። ዳዊትም በመዝሙሩ እስከ መቼ ትረሳኛለህ ብሏል።

ወንድሟ ትምህርቱን የጠላው ሰንፎ አይመስለኝም። ቤቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ፈርሶበታል፤ እናቱም አባቱም እኅቱም ሄደዋል፣ ትልልቆቹ ሰዎችም እርሱ ሲገባ ወሬ ያቋርጣሉ። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ከእኅታቸው ጋር የተጣሉበትን ወይም የመቷትን ቀን አስታውሰው እኔ ነኝ ያሳመምኋት ብለው እንደሚያምኑ ስለምናውቅ፣ ሳይጠይቅዎት የሕመሙን ስም ነግረው የእርሱ ጥፋት እንዳልሆነና እንደማይተላለፍ ያስረዱት። በየማታው በተወሰነ ሰዓት ይደውሉለት፤ መጀመሪያ ስለ እርሱ ውሎ ይጠይቁት፣ ስለ እኅቱ በኋላ። ለክፍል ኀላፊ መምህሩም ይነገራቸው። «አንተ አጥብቀህ ጸልይላት» ተብሎ የመዳኗ ኀላፊነት ግን እንዳይጣልበት።

ባለቤትዎ ዝም ማለቱ ወላጁን ላለማስቀየም ሊሆን ይችላል፤ የሚከፍለው ገንዘብ ማለቁን ለመናገር አፍሮም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ከሆነ ነገሩ ከእምነት ጋር አይገናኝምና በስሙ ጥሩት። ልጅቷ በምትታከምበት ሆስፒታል ያለውን የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ያነጋግሩ። ተስፋ አዲስ የሚባለው የካንሰር ሕሙማን ልጆች ወላጆች ድርጅት ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ቤተሰቦች አዲስ አበባ ላይ ማረፊያ ይሰጣል። ልጃቸውን በዚሁ በሉኪሚያ ባጡ ወላጆች በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው ማቴዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲም ችግረኛ ሕሙማንን ይረዳል። የእድራችሁና የጽዋ ማኅበራችሁ ሰዎች ልጠይቅ ሲሉ በብዛት መጥተው ልጅቷን እንዳይስሙ፣ አንድ ሁለት ሆነው እጃቸውን ታጥበው እንዲገቡ ይንገሯቸው፤ ለብርቱካንና ለዳቦ የሚያወጡትን ለአዲስ አበባ መጓጓዣ ቢያደርጉት ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስለሚኖር የሚዋጡት መድኃኒቶች ትርፍ እንዲሰጧችሁ አስቀድመው ይጠይቁ፤ የሕፃናት ካንሰር ሕክምና በጎንደርም ስላለ አዲስ አበባ መድረስ ባልተቻለ ጊዜ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ከሐኪሟ ጋር አሁኑኑ ይመካከሩ። በቀጣዩ ምዕራፍ የሚሰጠው የሚዋጥ ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ መሆኑን በቤት ያለ ሁሉ ይወቅ፤ በስሕተት በየቀኑ ቢሰጣት ይገድላል።

የብብት ሙቀት መለኪያ ዛሬ ይግዙ። 38 ዲግሪ ከደረሰች ሌሊትም ቢሆን፣ የበዓል ቀንም ቢሆን፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ሆስፒታል ወዲያው ይውሰዷት፤ አንቲባዮቲክ በደረሰች በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥር ሊጀመርላት ይገባል። በፓራሲታሞል አብርደው እስኪነጋ አይጠብቁ፣ ወደ አዲስ አበባም ጉዞ አይጀምሩ። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም ስለሚያፈሱ አይሰጧት። ተረኛው ሐኪም ልጅቷን ስለማያውቃት የሕመሟን ስምና የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች የያዘ ደብዳቤ ከሐኪሟ አስጽፈው ከካርዷ ጋር ያኑሩት።

ሕክምናውን የሚጨርስ ልጅ ሁሉ ይድናል ብዬ ቃል ልገባልዎ አልችልም። በሙሉ ሕክምናም ላይ ሳሉ ሕመሙ የሚመለስባቸው ልጆች አሉ። እንዲያ ቢሆን የሚነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፣ ያን ጊዜም ቢሆን ሥቃይዋን የሚያስታግስ መድኃኒት መቀበል እምነት ማጣት አይደለም። የዛሬው ልጅዎ ግን መድኃኒቱ የሠራላት፣ ዕድሏ በእጃችሁ ያለ ልጅ ናት።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አማትዎን ይዘዋቸው ይሂዱ። እርሳቸው የልጅ ልጃቸውን ስለሚወዱ ነው ጠበሉን ያሉት፤ እስካሁን ግን ነገሩን ሁሉ የሰሙት ከሰው አፍ ነው። ከሐኪሟ ፊት ይቀመጡ፣ የመጀመሪያው ቀንና የአሁኑ የደም ውጤት ጎን ለጎን ይታያቸው፣ የልባቸውን ይጠይቁ፣ ሌሎቹንም ልጆች በዐይናቸው ይዩ። ካህኑ የጸለዩበትን ውኃ የያዘውን ጠርሙስም እርሳቸው ይያዙላት።